በቀይ የተጻፈው በር

«አስለቅቂው እንጂ ኤርጎጌ! ሐዘን ላይ ተቀምጦ ቀይ ጥፍር ምን ይባላል?»

ጓደኛዋ ፅናት አሴቶን የነከረችውን ጥጥ ይዛ አውራ ጣቷን ልትይዝባት ስትል፣ ኤርጎጌ እጇን ነጥቃ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

«ተዪኝ በሞቴ። ይቺን እንኳ ተዪልኝ።»

ጥፍሯ ላይ ያለችው ጠብታ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ፅናት እያጉረመረመች ጥጡን ጣለችው።

ሮዘተንቪል ያለችው ጠባብ ቤት በሰው ጢም ብላለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም፣ ጆሃንስበርግም ቢሆን። ሌባ እንደ አሸን በፈላበት ሰፈር እንኳ የብረት መዝጊያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ወንዶቹ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ናቸው። መዝሙሩ ጋብ ሲል ሹክሹክታው ይጀምራል።

«እኔን ከጠየቃችሁኝ ባሏን የፈጀው ያ ግሪክኛ ነው» አለች አንዷ ሻይዋን እያማሰለች። «ሰፈርተኛው እኮ መተት የጻፈበት መስሎት ነው።»

«ወይ አንቺ! መጤን ለመጥላት ደግሞ ምክንያት ይፈለጋል?»

ኤርጎጌ ትሰማለች። ባሏ ዱባለ ጻካኔ በሚባለው ሰፈር ባለው ስፓዛው፣ በትንሹ የሸቀጥ ሱቁ ውስጥ በስለት ተወግቶ ሞተ፤ ሱቁንም በላዩ ለኮሱበት። እሳቱ ሲጠፋ ከቆርቆሮውና ከብረት በሩ በቀር የተረፈ የለም። ማን እንዳደረገው ፖሊስ አላወቀም፤ ለቀስተኛው ግን «የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ሌላ ማን ይሆናል?» ይላል። የብረት በሩ ግን ሳይሰበር ነው የተገኘው። ዱባለ ደግሞ ከመሸ በኋላ ለማያምነው ሰው በር የሚከፍት ሞኝ አልነበረም። ይህ ነገር ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮባታል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያለቅሰው የዱባለ የአጎቱ ልጅና የሱቁ ሸሪክ የነበረው ሀቢሶ ነው። እንግዳ በገባ ቁጥር ደረቱን ይደቃል። «ከፋሲካ ወዲህ ጻካኔን አልረገጥኩም! እንደተኮራረፍን ሞተብኝ፣ ወንድሜ!» የኩርፊያቸው ምክንያት ሱቁ ነበር፤ ሀቢሶ ለብቻው ሊይዘው ፈልጎ ዱባለ እምቢ ብሎታል። አሁን ሽማግሌዎቹ ነገሩን በአንድ አፍ ጨርሰውታል። ዛሬ ከምሳ በኋላ ሀቢሶ በመኪናው ጻካኔ ይወስዳታል፤ እሷም ሱቁ ለነበረበት ግቢ ባለቤት ቦታው ከእንግዲህ የሀቢሶ መሆኑን ትናገራለች። የሚሄዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ሌላ ማን አለሽ?» ብለዋታል መጋቢ ቲቶ። እሷም እሺ ብላለች።

ዱባለ ግሪክኛ የጀመረው በእኚሁ መጋቢ ሰበብ ነው። «በጥንቱ ግሪክ እንዲህ ነው የሚለው» ብለው ሲሰብኩ ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። «ሰው ከሚነግረኝ በዓይኔ ልየው» አለ። ትምህርት ቤት የለ፣ አስተማሪ የለ። ከኢንተርኔት በነጻ ያገኘውን የሰዋስው መጽሐፍ ሐበሻ ወደሚነግድበት ጀፕ ወስዶ ፕሪንት አስደረገ። አንድ ሽማግሌ የዮሐንስን ወንጌል በግሪክኛ ቀስ እያለ የሚያነብበትን የድምፅ ቅጂ ስልኩ ላይ ጭኖ፣ ዕቃ ሲደረድር አብሮት ያነበንባል። ቃላቱ አልያዝ ሲሉት የብስኩት ካርቶን እየቆረጠ፣ በጥቁር ማርከር እየጻፈ መደርደሪያው ላይ ለጠፈ፤ ዳቦው ላይ የዳቦን፣ ዘይቱ ላይ የዘይትን። ደንበኞቹም ለመዱለት። አንዲት ጎጎ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ በፍርግርጉ አንገቷን አስግጋ «ዱባ! አርቶስ!» ትለው ነበር፤ ዳቦ ስጠኝ ማለቷ ነው። እሱ ሳቁን መያዝ ያቅተዋል።

«አንተ ሰውዬ አብደሃል» ትለው ነበር ኤርጎጌ። «አማርኛ ተማርክ፣ ዙሉ ተማርክ። አሁን ደግሞ የሙታን ቋንቋ?»

«ሙታንም የሚሉት አላቸው። እስኪ አንዲት ቃል ብቻ ተማሪልኝ!» እያለ ይለምናታል። እሷ ትስቅበታለች።

በመጨረሻው ቀን ግን እንጃ ምን እንደነካት፣ እሺ አለችው። ማርከሩ ደርቆ ስለነበር ከመደርደሪያው ቀይ የጥፍር ቀለም አወረደች። እሱ አገጩን ትከሻዋ ላይ አድርጎ እያሳያት፣ «በር» የሚለውን ቃል በግሪክ ፊደል በትልልቁ ጻፈች። ጠብታዋ አውራ ጣቷ ላይ ቀረች። ዱባለ ካርቶኑን ከብረት በሩ ጀርባ፣ በውስጥ በኩል ለጠፈው።

«በይ አሁን ‹ቱራ› በይ።»

አፈረች። «ቅዳሜ ስመጣ እልልሃለሁ» ብላው ወደ ታክሲዋ ሮጠች። በዚያው ሌሊት ገደሉት።

«እውነት ግን ሱቁ በሙሉ ግሪክኛ ነበር?» ብሎ አንድ እንግዳ ሀቢሶን ጠየቀው።

ሀቢሶ ዓይኑን ጠረገ። «ምን ልንገርህ! ዳቦው ላይ ግሪክ፣ ጨዉ ላይ ግሪክ። ምስኪን ወንድሜ፣ በሩን እንኳ አልተወም! ይህን የሚያክል ፊደል በቀይ የጥፍር ቀለም ጽፎ፣ ከበሩ ጀርባ ለጥፎ…» በእጁ ልኩን አሳየ። ሰው በሐዘን መሐል ፈገግ አለ።

ኤርጎጌ ክው አለች። ያን ካርቶን ከእሷና ከዱባለ በቀር ያየ ሰው የለም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም። በተለጠፈበት ሌሊት ከነሱቁ ነዷል። ሊያየው የሚችለው በዚያች ማታ በሩ ተከፍቶለት የገባ ሰው ብቻ ነው። ዱባለ ለማን እንደከፈተ አሁን ገባት፤ ለሥጋ ዘመዱ ነው የከፈተው፣ ሊታረቀው የመጣ መስሎት።

ዙሪያዋን አየች። ማንም ልብ አላለም። ለሀቢሶ ምሳ ቀረበለትና በደንብ በላ። የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ ማለት ይኸው ነው።

ሀቢሶ እጁን ታጥቦ መጣና አጠገቧ በርከክ አለ። «እህቴ፣ እንነሳ፣ እሺ? መኪናዋን ላስጠጋልሽ» አለና እጇን ያዘ። አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ቀበረችው።

«እጅሽ እኮ በረዶ ሆኗል!»

«ሐዘን ነው» አለችው።

ቁልፉን እያንቀጨለጨለ ወጣ። ኤርጎጌ ከፍራሹ ተነስታ፣ የተዘረጉትን እግሮች ተሻግራ በሩ ጋ ደረሰች። የብረት መዝጊያውን ከግድግዳው አላቅቃ ስትገፋው ማጠፊያው ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምን ሆነሻል ልጄ?» አሉ መጋቢ ቲቶ ብድግ ብለው። «የለቅሶ ቤት በር ይዘጋል እንዴ? ሀቢሶ ውጭ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ፣ መጋቢ። ለዚያ ነው የዘጋሁት። ፖሊስ ጥሩልኝ።»

ኮቴ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። ሀቢሶ መጀመሪያ ቀስ ብሎ አንኳኳ፣ ቀጥሎ በቡጢ ደበደበው።

ኤርጎጌ ቀይ ጠብታ ያለባትን አውራ ጣቷን መቀርቀሪያው ላይ አጥብቃ፣ ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደገፈች። ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

«ቱራ» አለች ቀስ ብላ። «ይኸው አልኩልህ፣ ዱባዬ። ቱራ።»