የስሜት መጋሪያ ሰዓት

በሞት አፋፍ ላይ ካለ ሰው ጋር እንዴት እንደሚቆዩ የሚያስተምረን መምህር ራሱ ቆይቶ እንደማያውቅ ለመረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ በቂ ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ በስላይድ ሲያጽናናን ስለከረመ «አጽናኙ» ብለነዋል።

ዛሬ ስምንታችንን ተማሪዎቹን ወደ ሆስፒታሉ የሴቶች ዋርድ ይዞን ወጣ። በጠባቧ የጥግ ክፍል አንዲት አሮጊት እያጣጣሩ ነው። ትንፋሻቸው ቆመ ስንል ይመለሳል። ልጃቸው አልጋው ሥር፣ ኔትወርክ የማይይዝ ስልኳን ጨብጣ ተቀምጣለች።

«ዶክተር፣» አለችው፤ አላረማትም። «ወንድሜን ዛሬ ልጥራው ወይስ ነገ ብጠራው ይደርሳል?»

«እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጊዜ አለው፣ እህቴ፣» አለ ድምፁን አለስልሶ።

«እሺ። ግን ልጥራው?»

«አሁኑኑ ጥሪው፣» አልኳት። አጽናኙ ገላመጠኝ።

ልጅቷ ተነሳች። «ታች ወርጄ ልደውል። እናቴ ብቻዬን እንዳልሞት ብላ አስምላኛለች።»

«እዚሁ ነን፣» አለ አጽናኙ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ሰዓቱን አየ። «በሉ ልጆች፣ የስሜት መጋሪያ ሰዓታችን ደርሷል። ወደ ኮሪደር።»

ነድቶ አወጣንና ክብ ሠርተን ቆምን። የተሰማንን በአንድ ቃል እንድንናገር ጠየቀን። አንዷ «ርኅራኄ» አለች። ቀጥሎ ያለው «ትሕትና» አለ፤ ትሑት ሆኖ አይቼው አላውቅም። ተራዬ ደረሰ።

«ሴትየዋ ብቻቸውን ናቸው።»

«በአንድ ቃል ነው ያልነው።»

«ብቻቸውን።»

ወደ ክፍሉ ሄድኩ።

«ከሄድሽ እንደቀረሽ ነው የምቆጥረው፤ ኮርሱን ትደግሚዋለሽ!»

«መድገሙስ አይቀርልኝም፤ እስካሁን የገባኝ ነገር የለም።»

የአሮጊቷ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። ጥጥ ውሃ ነክሬ አረጠብኩላቸው። እጃቸውን ስይዝ ጣቴን ጨበጥ አደረጉት፤ ወይም ጅማታቸው ነው የተኮማተረው። ልዩነቱን አላስተማሩንም።

ልጅቷ እያለከለከች ገባች። «መንገድ ጀምሯል። አለች?»

«አሉ። ወንድምሽ ግን በሕይወት የሚያገኛቸው አይመስለኝም። እጃቸውን ያዢ፤ እኔ በዚህኛው በኩል ነኝ።»

አላለቀሰችም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ሌሎቹስ? ዶክተሩስ?»

«ኮሪደር ላይ ናቸው፤ አብሮ ስለመሆን እየተወያዩ ነው።»

ከወንበሯ ሳትነሳ እግሯን ዘርግታ በሩን ዘጋችው።