ሠርካዲስን ምን ገደላት

አፀደ ልጇን ሮሐን በሩ ላይ ስታያት የያዘችው ሳህን ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ሮሐ ከሥራ መመለሷ ነበር። በሁለቱ ጉንጮቿ ላይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በአፍንጫዋ አጥንት ተሻግሮ፣ ቀይ ነገር ወጥቶባታል። በሌላ ሰው ዓይን ፀሐይ የመታው ፊት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ሮሐ በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ስለምትንከባከብ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የምትውለው፤ የታኅሣሥ ፀሐይ ደግሞ ብርዱን ተገን አድርጎ እንደሚለበልብ የእንጦጦ ሥር ሰው ሁሉ ያውቃል። አፀደ ግን ይህን ፊት ከሠላሳ ዓመት በፊት አይታዋለች። ያን ጊዜ የታላቅ እህቷ የሠርካዲስ ፊት ነበር።

"ምች ነው" አለች ፈጠን ብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ምን በልተሽ ነው ፀሐይ ላይ የወጣሽው?"

"ምንም አልበላሁም። ጣቶቼንም ያመኛል እማዬ። ጠዋት ጠዋት መጨበጥ ያቅተኛል።"

"ምች ነዋ! ምች እጅም ይይዛል።"

ምች እጅ እንደማይዝ ጠፍቷት አይደለም። ከግቢው ጥግ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ የልጇን ፊት ቀባች። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ትንሿ ልጇ ሐመልማል ከኋላ ቆማ፣ "ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?" ብትላት፣ "ቅጠሉ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው" አለቻት።

ሠርካዲስ የሞተችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ፊቷ፣ ቀጥሎ ጣቶቿ፣ ከዚያ ፀጉሯ እየተነቀለ፣ በመጨረሻ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ እስኪላት። ከፊቷ እስከ መቃብሯ አንድ ዓመት አልሞላም። የእናታቸው እህትም በወጣትነቷ እንዲሁ አብጣ እንደሞተች የቤቱ ሴቶች በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። እናታቸው ግን የአርባዋ ተዝካር እንኳ ሳይወጣ አፀደን ለብቻዋ ጠራቻት።

"ሠርካዲስን የገደላት ወባ ነው" አለቻት። "መተሐራ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ የያዛት ወባ። ሌላ ወሬ ከዚህ ቤት ከወጣ፣ አንቺን የሚያገባ ወንድ የለም።"

አፀደ ገባት። ሽማግሌ ሲላክ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ተብሎ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ይህ በአደባባይ ነው። ከቆጠራው ጎን ግን በጆሮ የሚጠየቅ ሌላ ነገር አለ፤ "በዘራቸው ምን አለ?" የሚባል። "እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ" የሚለው ተረት ለመልክና ለጠባይ ብቻ የተተረተ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እሱ ሴት ልጅ ድሮ አያውቅም።

እንግዲህ አፀደ ወባውን ይዛ ይገዙን አገባች። ይገዙ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ የሚጠግንበት ጎሚስታ ቤት ያለው፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ "እህትሽ በምን ሞተች?" ብሏት አያውቅም። የሠርካዲስ ፎቶ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም፤ ስሟም በዚያ ቤት አልተጠራም። አሁን ተራው የሮሐ ነው። የእጮኛዋ የዮፍታሔ ሽማግሎች መጥተው፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጧል። ታዲያ አሁን ምን ብላ አፏን ትክፈት?

ሮሐ ለሥራ ስትወጣ አፀደ ማበጠሪያዋን አንስታ የተነቀለውን ፀጉር ታያለች። በዛ ያለ ሲመስላት ደግማ ትቆጥረዋለች፤ ያነሰ ሲመስላት ተመስገን ትላለች። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ተረት ስንቱን ጎረቤት መክራበታለች። ለራሷ ሲሆን ግን ጆሮዋ ተደፈነ።

በጥር አጋማሽ ሮሐ የውኃ ማጠጫውን ማንሳት አቃታት። ዮፍታሔ አዲሱ ገበያ አካባቢ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ምክንያት የሚወድ ልጅ ነው። "እትዬ አፀደ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምች ለአንድ ወር አይቆይም" አለ፤ እምቢ ለማለት መንገድ አልተወላትም። አፀደ፣ ይገዙና ዮፍታሔ ሮሐን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ።

ሐኪሟ ዶክተር ሰልዋ ገና ወጣት ናት፤ የሮሐን ጣቶች አንድ በአንድ ጫን እያደረገች አየች። ከዚያ ወደ አፀደ ዞረች።

"እናት፣ በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ? በተለይ ከሴቶቹ። ወይም በወጣትነቷ የሞተች?"

አፀደ ግራና ቀኟን አየች። በቀኟ ዮፍታሔ፣ በግራዋ ባሏ ተቀምጠዋል።

"የለም" አለች።

"እህት የለዎትም?"

"አንድ ነበረችኝ። ወባ ነው የገደላት።"

ይገዙ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ግን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዙሮ አስቀመጠው። ሮሐ ደግሞ እናቷን በመገረም ታያት ነበር። እናቷ እህት እንደነበረቻት የሰማችው ያን ዕለት ነው።

ዶክተር ሰልዋ ለሕመሙ ማስታገሻ ሰጠች፤ በተጨማሪም የደም ምርመራ ወረቀት ጽፋ፣ "ይህን ሳትውሉ ሳታድሩ አሠሩት" አለች። ቤት እንደገቡ አፀደ ወረቀቱን ከሮሐ ተቀብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ በታች ሸጎጠችው። "በዘራችን የሌለ በሽታ ከየት ይመጣል? ስሙን ለጥፈውብሽ ሰው ሰምቶ... በቃ፣ ከሰርጉ በኋላ ትደርሺበታለሽ።" ሮሐም ከበሽታው ይልቅ ስሙን ፈርታ ነበርና እሺ አለች። ማስታገሻው ሕመሙን ሲያበርድላት፣ ፊቷም ሲጠራ፣ ዮፍታሔም ስለ ምርመራው መጠየቁን ሲተው፣ አፀደ ጸሎቷ የተሰማላት መሰላት።

በመጋቢት፣ ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል፣ እናትና ልጅ ለሰርጉ ጫማ ሊገዙ አዲሱ ገበያ ወረዱ። ጫማ ሻጯ ጀዊሪያ የሮሐን ቁጥር አወጣች፤ አልገባም። አንድ ቁጥር ጨመረች፤ አልገባም። ጎንበስ ብላ የሮሐን እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ሦስቱም አዩት። ጉድጓዱ አልሞላም።

"እህቴ፣ ጫማውን ተይው" አለች ጀዊሪያ ቀስ ብላ። "አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰጃት።"

በዚያው ዕለት ሮሐ ሆስፒታል ገብታ አልጋ ያዘች። ይገዙ ጎሚስታ ቤቱን ዘግቶ ሐመልማልን ይዞ መጣ፤ ዮፍታሔም የጠመኔ አቧራ እጅጌው ላይ እንዳለ ደረሰ። ዶክተር ሰልዋ የሽንት ምርመራውን ውጤት ይዛ ስትገባ ሐመልማልን ኮሪደር ላይ እንድትጠብቅ አደረጓት።

"ኩላሊቷ ተነክቷል" አለች ሐኪሟ። "ያዘዝኩት የደም ምርመራ የታለ?"

"ከሰርጉ በኋላ ብለን ነበር" አለች ሮሐ፣ ትራሱ ላይ እንደተደገፈች።

ዶክተር ሰልዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ለአፀደ በተሻላት። ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና፣ "እናት፣ እንደገና ልጠይቅዎት ነው። በሽታው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ መገመት አለብኝ" አለቻት።

አፀደ ዮፍታሔን አየችው። ባሏን አየችው። ከዚያ ከብርድ ልብሱ ሥር የወጣውን ያበጠ እግር አየች፤ እሱ ከሁሉ በለጠባት።

"ወባ አልነበረም" አለች። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለችም፤ የሠርካዲስን ፊት፣ ጣቶቿን፣ ፀጉሯን፣ እብጠቱን፣ የእናቷንም እህት፣ ሁሉንም ተናገረች። ዮፍታሔ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ምን እንደሚያስብ ፊቱ ላይ አይነበብም፤ አፀደም ሳትጨርስ የእሱን ፊት ማየት ተወች።

"ምርመራው ያረጋግጥልናል፤ እኔ ግን ሉፐስ ነው የምለው" አለች ዶክተር ሰልዋ። "ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ሰውነቱን ይወጋል። ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። አንድ የተረገመ ዘር አለ ማለት አይደለም። ከእናትም ከአባትም የሚወረሱ ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች አሉ፤ አንዷ ላይ ሲደማመሩ፣ ፀሐይ ወይም ሌላ ሕመም ይቀሰቅሰዋል። አንዷ እህት ትታመማለች፣ ሌላዋ ምንም ሳትሆን ታረጃለች። በሽታው ያለበት ቤት ሴት ግን ፊቷ ላይ እንዲህ ሲወጣ በዚያው ሳምንት መምጣት አለባት።"

"አሁንስ ረፈደ?" አለች አፀደ።

"መድኃኒቱን ዛሬ እንጀምራለን። ኩላሊቷ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ቃል አልገባልዎትም።"

ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት። አፀደ በልቧ ወራቱን ስትቆጥር ይገዙ ጎንበስ ብሎ፣ "አፀደ" አላት። "እኔ አውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"ሠርካዲስን የገነዘቻት የኔ አክስት ናት። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ፊቷንም፣ እብጠቷንም ነግራኛለች። 'ይቺን ልጅ ተዋት' ብላኝ ነበር።"

"እና ለምን... ሃያ ስምንት ዓመት?"

"ወደድኩሽ። አንቺ ካልነገርሽኝ እኔ ምን ብዬ ላንሳው? ያን ቀን ሐኪሟ ስትጠይቅሽም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በሰው ፊት እንዳላዋርድሽ ብዬ ዋጥኩት።"

ሌላ ቀን ቢሆን አፀደ በዚህ ቃል የደስታ እንባ ታነባ ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ከሮሐ እግር አልተነሣም። ያን ቀን በዚያች ጠባብ ክፍል ሁለት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ለሌላው ሲሳሳ ልጃቸው ፊታቸው ታማ ተቀምጣ ነበር።

"ሁለታችሁም ታውቁ ነበር?" አለች ሮሐ።

ከትራሱ ቀና አለች። "ሐመልማልን ጥሯት" አለች።

"ተይ የኔ እመቤት፤ ልጅ ናት፣ ትፈራለች።"

"ትፍራ!" አለች ሮሐ። "አውቃ ትፍራ።"

አፀደ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ኮሪደሩ ላይ ሐመልማል ከአግዳሚው ዘላ ቆመች፤ ብርሃኑ በመስኮቱ በኩል ፊቷ ላይ ወድቋል። አፀደ ሁለቱን ጉንጮቿን በመዳፎቿ ይዛ፣ አገላብጣ አየቻቸው። ምንም የለባቸውም፤ ዛሬ ምንም የለባቸውም።

"ስሚኝ" አለቻት። "ሠርካዲስ በወባ አይደለም የሞተችው።"

ሐመልማል ግራ ገብቷት አየቻት።

"ሠርካዲስ ማናት?" አለች።