የመምህርቷ ፀጉር

አናጺውን ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እሱ የገጠመው በር ሃያ ዓመት ቢከፈትና ቢዘጋ ወለል አይነካም። ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲቀመጥ ቃሉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያዘነብልም፤ ትክክሉን ትክክል፣ ጠማማውን ጠማማ ብሎ ይነሣል። ሰው ያከብረዋል፤ ትንሽም ይፈራዋል። ጨርሶ የማትፈራው ሚስቱ ብቻ ነበረች። እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች መምህርት ስለሆነች፣ ቢያኮርፍም ቢቆጣም አዲስ አይሆንባትም።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ እንዳለች ተዝለፍልፋ የወደቀችው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ግን አልታዘዝ አሏት። ስንቱን ሕፃን ያናገረ አንደበቷም ሁለት ቃል ብቻ ቀረው፤ «እሺ» እና «በቃ»። ልትለው የፈለገችው ሌላ ሆኖ ከአፏ «እሺ» ሲወጣባት፣ ራሷ ትገረምና ዓይኗን ትጨፍናለች።

ቤት ስትገባ ሴት ልጃቸው ከምትሠራበት ከተማ መጥታ ሦስት ሳምንት አስታመመቻት። ለአባቷም ማንሣቱንና ማስተኛቱን፣ ማጠቡንና ማጉረሱን አሳየችው። ፀጉሩ ጋ ሲደርሱ ግን ሁለቱም የሚያደርጉት ጠፋቸው። የመምህርቷ ፀጉር ወገቧ ላይ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። በየማለዳው ራሷ አበጥራ፣ ራሷ ጎንጉና፣ ከማጅራቷ ከፍ አድርጋ ትጠቀልለው ነበር። አሁን ስንት ሳምንት ሙሉ ተተኝቶበት፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ተደርቦ እንደ ወፍ ጎጆ ሆኗል። ልጅቱ መቀስ አምጥታ፣ አጠር ቢል ይቀልሽ ነበር እኮ እማዬ አለቻት በለሰለሰ ድምፅ። እናት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። መቀሱ ወደ መሳቢያው ተመለሰ። ልጅቱም ፈቃዷ አልቆ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በማግስቱ አናጺው ማበጠሪያውን አነሣ። አርባ ዓመት መላጊያ የገፋ እጅ ነው፤ መዳፉ ራሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ማበጠሪያውን ከአናቷ ላይ ሰክቶ ምስማር እንደሚነቅል ሰው ወደ ታች ሳበው። ቻለችው። ደግሞ ሳበው። አሁንም ቻለችው። በሦስተኛው በደህናው እጇ የእጁን አንጓ ያዘችና «በቃ» አለችው። በዚያች ሰዓት ቃሉ አልተሳሳተባትም።

ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ለወትሮው ጸሎት የሚያጥረው ሰው አይደለም፤ እሱ ሊጸልይ ከተነሣ ሕዝቡ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር ይጀምራል። ያን ጠዋት ግን «ጌታ ሆይ፣ ይህን አላውቅበትም» ከማለት ሌላ አልመጣለትም። ቀጥሎ፣ በዚህ ሰፈር የሚያውቅበት ሰው ማን እንደሆነ ትዝ አለው።

ፀጉር ሠሪዋ ከእሱ የእንጨት ሥራ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለች። የፀጉር ማድረቂያ ካስኳ ጩኸትና የደንበኞቿ ሳቅ በጣውላው መካከል እየሾለከ ሲሰማው ስንት ዘመኑ ነው። በር ላይ ሲገናኙ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይላታል፤ ከዚያ አያልፍም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እሷ ከመዘምራኑ አንዷ ነበረች፤ ስትዘምር የሚያስሉ ሰዎች እንኳ ሳላቸውን የሚውጡላት። አንድ ቀን የባሏን ቤት ጥላ አንዲት ሻንጣ ይዛ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እስክትታረቅ ድረስ ከመዘምራን ትውጣ ያለው ውሃ ልክ ነው፤ እንደ ልማዱም ቃሉ ጸና። እሷ አልተከራከረችም። የመዘምራን ልብሷን አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ያን ዕለት ምሳ ላይ መምህርቷ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃው ነበር፤ «ለምን እንደወጣች ጠይቃችኋታል?» ከቤቷ ነው የወጣችው፣ ሌላ ምን ይጠየቃል አላት። ሳህኖቹን አነሣችና ነገሩን ዳግም አላነሣችውም። እሱም ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠረው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የፀጉር ቤቱን በር ገፋ። ሁለት ሴቶች ካስክ ውስጥ ናቸው፤ አንዲት አሮጊት ቢጎዲን ተጠቅልሎላቸው ተቀምጠዋል። ወሬው በመጋዝ የተቆረጠ ያህል ቀጥ አለ። አሮጊቷ የአናጺውን መላጣ ከፍ ዝቅ አድርገው አዩና፣ «ወንድሜ፣ ለአንተ የሚሆን ቢጎዲን እንኳ ያለ አይመስለኝም» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፀጉር ሠሪዋ ብቻ አልሳቀችም። ማበጠሪያዋን አስቀምጣ እትዬ እንዴት ናት ብላ ጠየቀችው።

ነገራት። የፀጉሩን ነገር፣ የመቀሱን ነገር፣ ያቺን «በቃ»ንም ሳይደብቅ ነገራት። ሲጨርስ፣

«አስተምሪኝ» አለ።

እጆቹን ረዘም ላለ ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ባለ ፀጉሩን የፕላስቲክ ጭንቅላት አውርዳ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ ወንበርም ሳበችለት።

«ከጫፍ ነው የሚጀመረው ጋሼ» አለችው። «ከሥሩ የጀመረ ሰው ቋጠሮውን ያጠብቀዋል እንጂ አይፈታውም። በግራ እጅዎ ከበላይ ጨበጥ ያድርጉት። ስበቱ እጅዎ ላይ ይቅር፣ እሷ ጋ አይድረስ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መላጊያውን በጊዜ እያስቀመጠ፣ መምህርቷ ዘንድ ጎረቤት እያስቀመጠ ይመላለስ ጀመር። ፀጉሩን ማርጠብ፣ ቅባቱን በጣት ጫፍ ማዳረስ፣ ጥርሱ ሰፋ ያለውን ማበጠሪያ አስቀድሞ ጠባቡን ማስከተል፣ ሦስት ቦታ ከፍሎ መጎንጎን። ደንበኞቹም አለቃ ሆኑበት። አንዷ ጠበቀ ትላለች፣ አንዷ ላላ ትላለች። ሦስተኛው ቀን ላይ አሮጊቷ የገዛ ራሳቸውን ሰጡት፤ «በእኔ ተለማመድ፤ የቀረኝ ጥቂት ነው፣ ብትነቅለውም አላዝን» አሉት። አናጺው ሚስቱ ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ዓርብ ደንበኛ ቀደም ብሎ አለቀና ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። እኔን የማስተማር ግዴታ አልነበረብሽም አላት። ለእርስዎ ብዬ አይደለም አለችው፤ የምትናገረው ፎጣ እያጣጠፈች ነው፣ ድምፅዋም ቁጣ የለበትም።

«ከመዘምራን በወጣሁበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እትዬ በዚህ በር ገባች። ልትመክረኝ የመጣች መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩ። እሷ ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ እዚያ ከከለከሉሽ እዚህ ዘምሪልኝ አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እስክትታመም ድረስ፣ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም።»

አናጺው ሚስቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የእሱ ሥራ ቤት በሚዘጋበት ሰዓት፣ ወዳጅ ልጠይቅ ብላ እንደምትወጣ ያውቃል። የትኛዋን ወዳጅ ብሎ ግን አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። እሱ የሰበረውን እሷ ዝም ብላ ከግድግዳው ማዶ ስትጠግን ኖራለች። እሑድ በምእመናን ሁሉ ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ አለ።

«አይሆንም» አለችው። «እርስዎ ተናግረው ቀሎዎት ይቀመጣሉ። ሕዝቡ ግን ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ያኔ ያልጠየቁኝን ይጠይቁኝ።»

በስንቱ ሽምግልና ላይ የተናገረ ሰው ቃሉን በጨለማ በእጁ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«ለምን ወጣሽ፣ ልጄ?»

ፎጣውን አስቀመጠችና ነገረችው። ባሏ ሰው ፊት ማር እንደነበረ፣ በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን፤ ለስንት ዓመት ሜካፕ ምን ምን እንደሸፈነላት፤ መጨረሻ ላይ የግራ እጇን ትንሿን ጣት በበር መዝጊያ እንዴት እንደሰበረባት። ጣቷን ዘርግታ አሳየችው፤ አትታጠፍም። አራት ቀን ሙሉ ያቺ ጣት ቀጥ ብላ ፀጉር ስትይዝ እያየ፣ የሙያው አያያዝ ነው ብሎ ሊኮርጃት ሞክሮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት በቆመች ቀን ጣቷ ገና በፋሻ እንደነበረ ነገረችው። ሁሉም አይቶታል። ምን ሆነሽ ነው ያላት ግን አልነበረም።

አናጺው እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ጥቅስ አልጠቀሰም፤ አላወቅኩም ነበርም አላለም፣ ፋሻው ቁልጭ ብሎ ታይቶታልና።

«አይቼው ነበር» አለ። «አይቼው ነው የፈረድኩት። ይቅር በይኝ።»

ይቅር ብያለሁም አላለች፣ አላልኩምም አላለች። መብራቱን አጥፍታ ቁልፏን አነሣችና፣ ነገ እመጣለሁ፣ እትዬን አብረን እናበጥራታለን አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት መምህርቷን መስኮቱ ዳር ባለው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ፀጉር ሠሪዋ በር ላይ ብቅ ስትል መምህርቷ ግራ እጇን ዘረጋችላት፤ ብዙ ጊዜ አልተላቀቁም። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ግራውን እሱ፣ ቀኙን እሷ ያዙት። ከጫፍ፣ ቀስ እያለ፣ ቅባት እየጨመሩ። አንዳንዱን ቋጠሮ በማበጠሪያው እጀታ ጫፍ አንድ በአንድ መፍታት ነበረበት፤ ለዚህስ አናጺው ትዕግሥት አለው፣ ስንት የጣውላ መጋጠሚያ አላቅቋል። መምህርቷ አንድም ጊዜ «በቃ» አላለችም።

ሁለተኛው ሰዓት ላይ ይሆናል፣ ፀጉር ሠሪዋ ሳታስበው ማንጎራጎር ጀመረች። የቅዳሜ መዝሙራቸው ነው፤ እየቆየች ድምፅዋን ለቀቀችው። ያኔ የመምህርቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ድምፅ ወጣ፤ የሻከረ፣ ግን ቃል ያለው ድምፅ። «እሺ» አይደለም፤ «በቃ»ም አይደለም። የመዝሙሩ ቃል ነው፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ስንኙ ሳይጎድል ወጣ። አናጺው ማበጠሪያውን አየር ላይ እንደያዘ ደረቀ። ፀጉር ሠሪዋ እንዳያቋርጥ በዓይኗ ጠቀሰችውና መዘመሯን ቀጠለች። እሱም እንባው በማበጠሪያው ላይ እየተንጠባጠበ ማበጠሩን ቀጠለ።

መዝሙሩ ሲያልቅ ቃሉም አለቀ። መምህርቷ ልታመሰግን አፏን ስትከፍት «እሺ» ብቻ ወጣ። ሦስቱም ሳቁ፤ ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እሷ ነበረች። በኋላ ያማከሩት ሐኪም፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ፣ ንግግር የጠፋበት ሰው ዜማ ሊቀርለት እንደሚችል አስረድቶ፣ በየቀኑ አብራችኋት ዘምሩ አላቸው።

በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ውሃ ልክ ተነሥቶ፣ ያ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ውሳኔ እንዲሻር ጠየቀ። ሳንጠይቅ ነው የፈረድነው፣ ቃሉም የእኔ ነበር አለ። የእሷን ታሪክ አልተናገረም፤ የእሷ ነውና። አንደኛው ሽማግሌ፣ ያለፈውን ነገር ምን አስቆፈረህ ብለው ተቆጡ።

«ያለፈው ለእኛ ነው» አላቸው። ተቀመጠ።

ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ ተሻረ። የመሻሩን ደብዳቤ ራሱ ይዞ ፀጉር ቤቱ ሄደ። ፀጉር ሠሪዋ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ መስተዋቱ ጥግ ላይ ሰካችውና ዞር ብላ ረጅም ሰዓት እጇን ታጠበች። የመዘምራኑ መሪ ከሳምንት በኋላ መጥቶ፣ ከሴቶቹ ጋር ተራ ጠብቆ፣ ተመለሺልን አላት። ልምምዳችሁ መቼ ነው ብላ ጠየቀችው። ቅዳሜ ከሰዓት አላት። ቅዳሜ ከሰዓት ቀጠሮ አለኝ አለችው። ልምምዱን ወደ ዓርብ ማዛወር ይቻል እንደሆነ አሁን እየተመካከሩበት ነው።

አናጺው በየማለዳው ይጎነጉናል። ጉንጉኑ ዛሬም ወደ ግራ ያዘነብልበታል፤ መምህርቷ መስተዋት ታያለች፣ በደህናው እጇ ገፋ ታደርገዋለች፣ ትተወዋለች። አንድ ጠዋት እሱ ቅባቱን ሲከድን ከኋላው በመዝሙር ዜማ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ «ውሃ... ስጠኝ» የሚል ድምፅ ሰማ። ውሃ ልክ ዕድሜውን ሙሉ ዜማ ገጥሞለት አያውቅም፤ በቤተ ክርስቲያንም አጠገቡ የሚቆሙ ሰዎች ያውቁታል። ብርጭቆውን ሊያመጣ እየሄደ፣ በዚያው ዜማ፣ አሁን አመጣለሁ አላት።