ቦርሳ ውስጥ የተነሳው ፎቶ

ኩራሞቺ ሴይጂ ኮቤ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ያን አሮጌ ካሜራቸውን፣ በትንሽ መስኮት እያዩ ሁለት ምስል አገጣጥመው የሚያነሱበትን፣ ከእጃቸው ለይተውት አያውቁም። እኔም ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ባለችው ሱቄ እሱኑ ስጠግንላቸው ነው ያረጀሁት።

መጋቢት ላይ መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አንድ እፍኝ ፎቶ በተኑ። ሁሉም ላይ ያለችው አንዲት ሴት ናት፤ ፊቷ ግን በሁሉም ላይ ተድበስብሷል።

«ቶሚኤ ናት» አሉኝ፤ ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው። «በል ሙራሴ፣ ካሜራው ተበላሽቷል በለኝ።»

«ካሜራውስ ደህና ነው።»

«እንግዲያው የተበላሸሁት እኔ ነኛ! እኔንስ ትጠግናለህ?»

ሳቅን። ካሜራውን አስያዝኳቸውና እንዲያነሱ አልኳቸው። የፎቶ ማንሻውን ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ካሜራው አብሮ ይወዛወዛል። ከመሳቢያዬ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል የናስ ቁልፍ አወጣሁና ማንሻው ላይ ባለችው ቀዳዳ ጠምዝዤ ገጠምኳት።

«አሁን መጫን የለም። በጣትዎ ሆድ ነካ ብቻ ያድርጓት።»

ነካ አደረጓት፤ ቀጭ አለ። ደገሙት። ፊታቸው በራ።

ወይዘሮ ቶሚኤ ኮረብታው ላይ ያለው መጦሪያ ከገቡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ባላቸውን «ፖስተኛው» እያሉ ነው የሚጠሯቸው።

«አንዲት ቀን አውቃኝ ብታየኝ፣ ያን ፊቷን ማስቀረት ነው የምፈልገው» አሉኝና አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ወጡ።

ያችን ቁልፍ ለገጠምኩለት ሰው ሁሉ የምናገረው ሌላም ነገር አለ። ፊልሙን አዙረው ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አይክተቱት፤ ቁልፏ የሆነ ነገር ከነካት ራሷ ታነሳለች፣ ከዚያም ፊልሙ እንደገና ካልተዞረ አታነሳም፤ ሊያነሱ ሲሉ ብቻ ያዙሩ። ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። የሙያው ሰው ናቸው፣ ያውቁታል ብዬ ይሆናል። የጋዜጣ ሰው ደግሞ አንዱን እንዳነሳ ለሚቀጥለው ወዲያው ነው የሚያዞረው።

ግንቦት ላይ ወይዘሮ ቶሚኤ ሞቱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኩራሞቺ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ አንድ ፊልም አመጡልኝ። አጥቤ አተምኩት። ሁሉም ጥርት ብለው ወጥተዋል፦ ወይዘሮ ቶሚኤ ተኝተው፣ በማንኪያ ሲጎርሱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። መሃል ላይ አንዱ ድፍን ጥቁር ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ፎቶውን አንስቼ ወደ መብራቱ አስጠጋሁት።

«ልትሞት አራት ቀን ሲቀራት ነው። ገና ስገባ ቀና ብላ አየችኝና ‹ሴይጂ፣ ጸጉርህን ደግሞ ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?› አለችኝ። ስታሾፍብኝ እኮ ነው! ካሜራውን ከቦርሳው መዝዤ ቁልፏን ነካኋት። ዝም። ደግሜ ነካኋት። ዝም። ፊልሙን አዙሬ ቀና ስል ፖስተኛው ሆኛለሁ። ካሜራው ነው አይደል የከዳኝ?»

አዎ፣ አርጅቷል ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

«ቦርሳው ውስጥ ራሱ አንስቶ ነው» አልኳቸው። «ቁልፏ እንዲህ ታደርጋለች። ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኩዎትም።»

ጥቁሩን ፎቶ ብዙ አዩት።

«ብትነግረኝ ኖሮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «መልስ እንኳን አልሰጠኋትም። ሁለት ዓመት ጠብቄ፣ ስትጠራኝ አንገቴን ደፍቼ ከብረት ጋር ስታገል ሄደችብኝ» አሉ።

ፎቶዎቹንም ካሜራውንም ትተውልኝ ወጡ።

ሐምሌ ላይ ሁለቱንም ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ከፍተው ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። ሙቀቱ እንዴት እንደያዘኝ ጠየቁኝ። ዕቃውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ደጋግመው አመሰገኑኝ፤ ግባ ግን አላሉኝም። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ያዘጋጀሁት ቃል አፌ ውስጥ እንዳለ ትንሽ ቆምኩ፤ ከውስጥ ምንም ድምፅ ስላልሰማሁ ቁልቁለቱን ወረድኩ።