ነካሹ ያልተገለጸ

«ምንድን ነው የነከሰዎት?» አልኩ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳልል።

«እናትሽ!»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሰው ሲሰድበኝ መልስ አላውቅም። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ሐኪሞች የጻፉትን አንብቤ ለእያንዳንዱ ሕመም ኮድ እሰጣለሁ እንጂ በሽተኛ አላነጋግርም። ቁስል ወደሚታጠብበት ክፍል የወረድኩት ሐኪሙ «የቀኝ ክንድ፣ የንክሻ ቁስል» ብሎ ነካሹን ስለዘለለው ነው። ውሻ ለብቻው፣ ሰው ለብቻው ኮድ አለው።

«ይቅርታ፣ በኋላ እመለሳለሁ» ብዬ ልወጣ ስል ሳቀች።

«ኧረ አልሰደብኩሽም! ቀና በይና እዪኝ። እናትሽ ናቸው የነከሱኝ።»

እናቴ ባለችበት የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው አስታማሚ ነበረች። እናቴ ሰው መለየት ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል።

«እያጎረስኳቸው ነበር» አለች። «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። አራት ጥርስ ነው የቀራቸው፤ አራቱም ተባብረው እኔ ላይ ዋሉ።»

ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ ቆዳው ተቀዷል። ዙሪያው አብጦ ቅላቱ ወደ ክርኗ መውጣት ጀምሯል። ከተነከሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«ባለፈው ሌላ ሰው የነከሱት ተመዝግቧል። ይሄኛው ከተመዘገበ ያስወጧቸዋል፤ ደንቡን ታውቂው የለ? የሥራ ላይ ጉዳት ስለሆነ ግልባጩ እኛው ጋ ይመጣል። ለሐኪሙም ተነከስኩ ብቻ ነው ያልኩት። ውሻ ብለሽ ጻፊውና እንገላገል፣ የኔ እህት።»

ሁለቴ ሰው የጎዳ ይወጣል የሚለውን ደንብ አውቀዋለሁ፤ እናቴን ስናስገባት ፈርሜበታለሁ። ሦስተኛ መጦሪያዋ ነው፤ ሌላ የሚቀበላት የለም። ወንድሜ «እኔ ቤት አይሞከርም» ካለ ቆይቷል። እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ለአፍታ ብቻዋን ከተተወች በር ከፍታ ትወጣለች።

«ውሻ ካልን የእብድ ውሻ ክትባት ያስወጉሻል» አልኳት።

«ልወጋ! ከተረፈ ለእሳቸውም አንድ ይወጉልኝ።»

ሳቅኩ። ከዚያ ክንዷን አየሁት። አቅም ያጡትን ከአልጋ አንስታ የምታጥበው በዚህ ክንድ ነው። የሰው ጥርስ ቁስል ቶሎ ያመረቅዛል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን የሚመርጠው ነካሹን አይቶ ነው።

«አደራሽን» አለችኝ፣ ስነሣ።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ነበር።

«የነከሳት ሰው ነው» አልኩት።

«ማን?»

«አንዲት አሮጊት ናቸው።»

ወረቀቱ ላይ ጨመረበት፤ ያዘዘላትንም መድኃኒት ሰርዞ ሌላ ጻፈ። ማዘዣውን ስሰጣት አስታማሚዋ አነበበችው። እጅጌዋን አውርዳ ወጣች። እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ የሰው ንክሻን ኮድ አስገባሁ።

የመጦሪያው ደብዳቤ በአራተኛው ቀን ደረሰኝ። እናቴን ወደ ባለ አንድ ክፍል ቤቴ አመጣኋት፤ በማግስቱ የሥራ መልቀቂያዬን አስገባሁ።