አራት ዲግሪ

ሰሚያ ዐብደላ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ተወልዳ ያደገች የሠላሳ ስድስት ዓመት መሐንዲስ ናት። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ወንድሞቿም እዚያው ሱቅ ገብተው ቀሩ። እሷ አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያው ዘጠኝ ዓመት ሠርታ፣ እናቷ ሲታመሙ ልታስታምም ተመለሰች። እናቷ ወደ አኺራ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗል። ቤቱ ጭር አለ፤ እሷ ግን ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰችም። ለምን እንደቀረች ለሚጠይቃት ሁሉ «ሥራ አለኝ» ትላለች።

ሥራዋ የእሳት መከላከያ መንደፍ ነው። በከተማው ውስጥ ስለዚህ ሥራ የምታማክረው ሰው አልነበራትም። ግራ ሲገባት የምትገልጠው የእሳት መከላከያ ደንብ የሰፈረበትን ወፍራም የኮድ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፍ ደግሞ ያልገባሽን ደግመሽ ብትጠይቂው ያንኑ ይመልስልሻል።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አቶ ሀብተሥላሴ የሚባሉ ባለሀብት አስጠሯት። ከደባርቅ ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ሃያ አራት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ እያሠሩ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ግን እንጨት በእንጨት ነው። ከኮርኒሱ በላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት ክፍተት አለ። በየክፍሉም በዚያ ክፍተትም ስፕሪንክለር እንዲገባ ተወስኖ ንድፉ ለሰሚያ ተሰጣት።

ስፕሪንክለር ቀላል ነገር ነው። ቧንቧው ውስጥ ውኃ በግፊት ታምቆ ይጠብቃል። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ብርጭቆ እሳት ሲያሞቃት ትሰበርና ውኃው ይረጫል። ይህ እንዲሆን ውኃው በረዶ መሆን የለበትም። ኮዱም ይህንኑ ይላል፦ ሙቀቱ ከአራት ዲግሪ በታች እንደማይወርድ በአስተማማኝ ሁኔታ ካልተረጋገጠ፣ ውኃ የሞላ ቧንቧ አይዘረጋም።

ሰሚያ ይህችን ዐረፍተ ነገር ይዛ የሕንፃው አርክቴክት ወደሆነው ወልደኢየሱስ ቢሮ ሄደች። አቶ ሀብተሥላሴም ነበሩ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ ወልደኢየሱስ። «በየክፍሉ ማሞቂያ አለ። ሕንፃው ይሞቃል፤ አለቀ።»

«ክፍሉ ይሞቃል፤ ከኮርኒሱ በላይ ግን አይሞቅም። ማሞቂያውም የሚሠራው እንግዳ ሲኖርና መብራት ሲኖር ነው።»

«ኮዱ እኮ ስለዚህ አይናገርም።»

«‹በአስተማማኝ› ይላል። ቃሉ ያለ ምክንያት አልገባም።»

አቶ ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይህ መጽሐፍ የተጻፈው በረዶ እስከ ጉልበቱ ለሚደርስ አገር ነው። የእኛ ሰው ብርድ ይበርደዋል እንጂ ቧንቧው ሲፈነዳ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ሰሚያ በእርግጥ ሰምታ አታውቅም። መፍትሔው ደረቅ የሚባለው አሠራር መሆኑን አስረዳቻቸው። ቧንቧው በውኃ ፈንታ በታመቀ አየር ይሞላል፤ እሳት ሲነሣ አየሩ ይወጣና ውኃው ከታች፣ ከሚሞቀው ክፍል፣ ይመጣል። አየር የሚያምቅ ኮምፕሬሰርና ልዩ ቫልቭ ይፈልጋል፤ ወጪውም ይከብዳል። ሁለቱ ተያዩ። «በግምት አላደርገውም፤ ለክተሽ አሳዪኝ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

ታኅሣሥ ላይ ቴርሞሜትሯን ይዛ ወጣች። ግንበኞቹ ለበዓል ወደየቤታቸው ወርደው ግቢው ውስጥ የቀሩት ጥበቃው ምንዳዬ ብቻ ነበሩ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የሚከናነቡ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጆቻቸው ለሥራ ወደ መተማ ወርደዋል።

«ምነው ብቻሽን መጣሽ ልጄ?» አሏት።

«ብርዱን ልለካ ነው፣ አያ ምንዳዬ።»

«ብርድማ ምን ይለካል! እኔን ብትጠይቂ እነግርሽ ነበር።»

አንድ ያለቀ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ ተቀመጠች። ጧት ጧት ሱብሒ ሰግዳ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ፣ መሰላሉን ወጥታ፣ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ታነብባለች። ሦስት። ሁለት ተኩል። ሦስት ተኩል። አንዳንዴ መሰላሉ ላይ ሆና ከዚህም በበረደ ብላ ስትመኝ ይታወቃታል። ከዚያ አያ ምንዳዬ ከቆርቆሮ ዛኒጋባቸው ሲያስሉ ትሰማና ምኞቷ ያሳፍራታል።

ቀኑ ረጅም ነበር። ከጭጋጉ በቀር የሚመጣ የለም፤ ስልኩ አንዳንዴ ይይዛል፣ ብዙውን ጊዜ አይይዝም። በያዘ ጊዜም የሚደውልላት አልነበረም። ማታ ማታ አያ ምንዳዬ ድንችና ባቄላ ቀቅለው ይጠሯታል። ሥጋማ የእሳቸው ለእሷ፣ የእሷ ለእሳቸው አይሆንም፤ ድንች ግን የሁለቱም ነው። ብዙ አይጫወቱም። በስምንተኛው ቀን ግን አያ ምንዳዬ ሳትጠይቃቸው ተናገሩ።

«ትንሿ ልጄ ወደ ቆላ በወረደች ዓመት፣ ጥር ላይ፣ እንስራ ሙሉ ውኃ ከቤት ውስጥ አሳድሬ ጧት ብነሣ ለሁለት ተፈልጦ አገኘሁት። ውኃው እንደ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ውርጭ ነው። ሁልጊዜ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን ሸጋ አድርጎ ይመጣል።»

«ስንት ዓመት ይሆነዋል?»

«ሰባት። ስምንትም ይሆናል። በእንስራው ውኃ የሚቀዳልኝ ሰው ከሄደ ወዲህ መቁጠር ትቻለሁ።»

ሰሚያ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጎንደር ተመለሰች። ዝቅተኛው ያገኘችው አንድ ተኩል ነበር። ወልደኢየሱስ፣ አቶ ሀብተሥላሴ ባሉበት፣ የለካችበትን ሠንጠረዥ አይቶ ሳቀ።

«ውኃ በረዶ የሚሆነው በዜሮ ነው። አንድም ቀን ዜሮ አልደረሰም። ራስሽ አረጋገጥሽልን!»

«ኮዱ የሚለው አራት ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። የለካሁት ዐሥራ አንድ ቀን ነው፤ ሕንፃው የሚቆመው ሃምሳ ዓመት ነው። ያቺ አራት ዲግሪ የተቀመጠችው እኛ ላልለካነው ቀን ነው።» ስለ እንስራውም ነገረቻቸው።

«አያ ምንዳዬ የሚባል ስታንዳርድ አላውቅም» አለ ወልደኢየሱስ።

አቶ ሀብተሥላሴ አልሳቁም፤ ሠንጠረዡን አጥፈው መለሱላትና «አመሰግናለሁ ልጄ፣ ደክመሻል» አሉ። ሰሚያ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባት። በሳምንቱ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ውኃ የሞላ ቧንቧ ተዘረጋ።

ዓመቱን ሙሉ ትክክል እንደሆነች እርግጠኛ አልነበረችም። ይህ ነበር ከሥራው መቅረት ይልቅ የከበዳት። ኮዱን እያወጣች ያቺን ዐረፍተ ነገር ታነብባለች። አንዳንድ ቀን፣ ማሞቂያ ካለ ይበቃል የሚለው የወልደኢየሱስ አነባበብ ትክክል ይመስላታል። ወንድሟ ኡዘይር አንድ ዓርብ ለምሳ ጠርቷት ልታወጋው ሞከረች። «አንቺ ደግሞ አታካብጂ፤ ይልቅ ብዪ» አላት። በላች።

በተከታዩ ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ አያ ምንዳዬ ደወሉ።

«ልጄ፣ ያ ያልኩሽ መጣ። ቧንቧው ፈንድቶ ኮርኒሱ ወረደ። ደግነቱ እንግዳ አልነበረም።»

«ማንም አልተጎዳም?»

«ማንም። ውኃውን ዘግተው ኮርኒሱን ጠገኑት። እንግዶች ትናንት ገቡ።»

«ውኃውንስ መልሰው ከፈቱት?»

«ምኑን ይከፍቱታል? እንዲሁ ተዘግቷል።» ቀጥለውም እሳቸው መተማ ወደ ልጃቸው ሊወርዱ መሆኑን፣ ጉልበታቸው ብርዱን እንዳልቻለው ነገሯት። «ደኅና ሁኚ። ለብቻሽ አትቀመጪ» አሉና ስልኩ ተቋረጠ።

ሰሚያ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ደስ ግን አላላትም። እየታያት የነበረው ሃያ አራት ክፍል ሰው ከእንጨት ጣሪያ ሥር ተኝቶ፣ ራስጌው ላይ ስፕሪንክለር አይቶ ሲተማመን፣ ቧንቧው ውስጥ ግን ጠብታ ውኃ አለመኖሩ ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ይደውሉ እንደሆነ ሁለት ቀን ጠበቀች። አልደወሉም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ሄደች።

ማረፊያው በር ላይ የማታውቀው ጥበቃ ተቀበላት። የቆርቆሮው ዛኒጋባ ፈርሷል። አቶ ሀብተሥላሴ በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«ልትስቂብኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። የውኃው ቫልቭ እንደተዘጋ ነው አሉ። እንግዶቹን ወደ ደባርቅ ያውርዷቸው፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ወደ ደረቅ ልቀይርልዎ።»

«ቢዘጋስ፣ እሳት የሚነሣው ስንቴ ነው?»

«ውርጩስ ስንቴ ነው የመጣው?»

ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። ከታች ጭጋጉ ገደሉን እየሞላ ይወጣ ነበር። በመጨረሻ «ያን ጊዜ በደንብ አልሰማሁሽም» አሉ፤ ከዚህ ሌላ ስለ ነገሩ አላነሡም። እንግዶቹ በዚያው ቀን ወረዱ።

ንድፉ ሁለት ወር፣ ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። ሰኔ ላይ የመጨረሻው ፍተሻ ደረሰ። ኮዱ እንደሚለው፣ ከቫልቩ በጣም የራቀው ጫፍ ሲከፈት ውኃው በስልሳ ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ሠራተኞቹ በመንደሩ ለቅሶ ነበርና ቀብር ሄደዋል። ሰሚያ ብቻዋን ለፍተሻ ወደ ግቢው የወጣውን ጫፍ ከፈተች፤ ሰዓቷን ያዘች። አየሩ እያፏጨ ይወጣ ጀመር። ሠላሳ። አርባ። ፉጨቱ ቀጠነ። በሃምሳ ሁለተኛው ሰከንድ ቧንቧው አንዴ ተንቀጥቅጦ ውኃው ቡልቅ አለ፤ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ ጫማዋን አራሰው።

«ሃምሳ ሁለት!» አለች ጮክ ብላ። የሰማት አልነበረም።

ቅጹን ሞላች፤ ፈረመች። አቶ ሀብተሥላሴ ማታ መጥተው ሳያነቡ ፈረሙ።

በማግስቱ ከደባርቅ ሚኒባስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጠችው ወለላ የምትባል የዳባት ነጋዴ «ምን ሥራ ነው የምትሠሪው እህቴ?» አለቻት።

«እሳት ሲነሣ በራሱ የሚያጠፋ ቧንቧ።»

«እሰይ! ብዙ አጥፍቶልሻል?»

«እስካሁን አንድም።»

«እሳት ካልተነሣስ?»

«ዝም ብሎ ይጠብቃል።»

ወለላ አሰብ አደረገች። «እንዲህ ያለ ሥራም አለ ለካ» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አንቀላፋች። ሰሚያ ስለ አራት ዲግሪዋ፣ ስለ ሃምሳ ሁለት ሰከንዱ ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዳባት ሲደርሱ ቀስቅሳት፣ ዘንቢሏን አቀብላ አወረደቻት። ሚኒባሱ ተነሣ። ሰሚያ ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ ባዶው መቀመጫ ላይ አኖረችው።