ያቋረጡበት ምክንያት

ቅጹ የመጣው ሰኞ ነው። እስከ ረቡዕ ድረስ ግን የጀላል ሱቅ ደንበኛ ሁሉ አይቶታል። ጀላል ልጁ ሙኒያ ለነርስነት ልታመለክት መሆኑን ሳሙና ከሚገዛውም ክብሪት ከሚገዛውም መደበቅ አልቻለም። ማንበብ ለማይችለው ደንበኛ ደግሞ ራሱ እያነበበ፣ «ፎቶዋ የሚለጠፈው እዚህች ላይ ነው» እያለ ባዶዋን አራት ማዕዘን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። በሦስተኛው ቀን የቅጹን ጠርዝ ዘይት ነክቶት ነበር።

ጊዜው ነሐሴ 1978 ነው። ጉለሌ ጭቃዋን ለብሳ፣ እንጦጦም ጉሙን እስከ ቅንድቡ ስቦ የሚተኛበት ወር። ሙኒያ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የማትሪክ ውጤቷ ወጥቷል። ጎረቤታቸው እትዬ የዓለምወርቅ እንዳሉት ውጤቱ «የማያሳፍር፣ የማያስጨፍርም» ነው። ማሠልጠኛው ውጤታቸው እኩል የሆኑትን አመልካቾች የሚለየው በቅጹ ሁለተኛ ገጽ ላይ ባለች አንዲት ሰንጠረዥ ነው ይባላል። «የበጎ ፈቃድ አገልግሎት» ትላለች። ከሥሯ አራት ባዶ ሳጥኖች አሉ፦ ቦታ፣ የሥራው ዓይነት፣ የቆይታ ጊዜ፣ ያቋረጡበት ምክንያት።

ሙኒያ የመጀመሪያውን ገጽ በአንድ ትንፋሽ ሞላችው። ሰንጠረዧ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ሰኞ ቆመ፣ ማክሰኞም ቆመ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ጀላል፣ ስኳር እየመዘነ። «ወሎ ሄደሻል እኮ!»

«ስምንት ቀን ነው አባባ።»

«ሁለት ወር በይዋ። ቀበሌ ሾዴ አለልኝ፣ ማኅተሙን ዱብ ያደርግበታል።»

«ስመለስ ከመኪናው ያወረደኝ ሾዴ ነው። ቀኑን ራሱ ነው የመዘገበው።»

«ይረሳዋላ! የቀበሌ ሰው ከስብሰባ ሌላ ምን ያስታውሳል?» ብሎ ሳቀ ጀላል። ወዲያው ግን በሩን ገልመጥ አደረገ፤ የሰማው ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፦ «ደግሞስ ስምንት ቀንም ቢሆን ስምንት ቀን ነው። ታመምሽ፣ ተመለስሽ። መታመም ነውር ነው እንዴ?»

ሙኒያ ታማ መመለሷን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እናቷ ዘኪያ አጥሚት ስታጠጣት ሰንብታለች፣ እትዬ የዓለምወርቅም ለጉንፋንም ለቁጣም የሚሆነውን ጤና አዳማቸውን ይዘው መጥተዋል። የሰው ሁሉ ልፋት ግን ለከንቱ ነበር። ሙኒያ ያን ጊዜ አልታመመችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር 1977 ላይ ቀበሌው፣ ወሎ ወዳለ አንድ የድርቅ መጠለያ እህል ከሚያደርሰው መኪና ጋር የሚሄዱ ወጣቶች ሲፈልግ፣ እጃቸውን ካወጡት አራት ልጆች አንዷ ሙኒያ ነበረች። ለአንድ ወር ነው የተባለው። እንደደረሰች «ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብላ ደብተር ተሰጣትና ከድንኳኖቹ ጀርባ፣ ሬሳ ተጠቅልሎ የሚመጣበት ቦታ ተቀመጠች። ሥራዋ ስም መጻፍና መቃብር መለየት ነበር። ክርስቲያን ከሆነ ተሸካሚዎቹን ወደ ኮረብታው ትልካለች፤ እስላም ከሆነ ወደ ዋርካው። ዘመድ ያለው ዘመዱ ይናገርለታል። ዘመድ የሌለውን በስሙ ትለየዋለች።

ጉለሌ ተወልዳ ላደገች ልጅ ይኼ ምን ይከብዳል? እዚህ ሳቢት ሳቢት ነው፣ ተክለሃይማኖትም ተክለሃይማኖት። ስሙን የሰማ ሰው አርብ የት እንደሚውል፣ እሑድ የት እንደሚያስቀድስ ሳይጠይቅ ያውቃል። ወሎ ግን ስም ከጎረቤት ጎረቤት እንደ እሳት የሚጫጫሩት ነገር መሆኑን፣ የቄሱ ልጅ ሰይድ፣ የሼኹም ልጅ ገብሬ ሊባል እንደሚችል የነገራት ሰው የለም። እሷም አልጠየቀች።

በአምስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ታቅፈው መጡ። እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ልጅቷን መሬት ላይ አስተኝተው «ሰዓዳ» አሉ፤ ከዚያ በላይ የሚናገር ጉሮሮ አልነበራቸውም። ሰዎች ደግፈው ወደ ሕሙማኑ ድንኳን ወሰዷቸው። ሙኒያ ልጅቷን አየች። አንገቷ ባዶ ነበር፤ ክርም ጌጥም የለበትም። «ሰዓዳ» ብላ ጻፈችና «ወደ ዋርካው» አለች። ሴቶቹ አጠቧት፣ ገነዟት፣ ተሰገደባት። ሁሉም በወጉ ተደረገ።

በሰባተኛው ቀን እናቷ መጣች። ሌላ ድንኳን ውስጥ ተኝታ ከርማ፣ በዱላ እየተመረኮዘች። ሙኒያ ደብተሩን አይታ ስትነግራት አልጮኸችም፤ ለጩኸትም ጉልበት ያስፈልጋል። ቀና ስትል አንገቷ ላይ ጥቁር ማዕተብ ታየ።

«ሰዓዳ እንኳ ያዋለደችኝ የጎረቤቴ ስም ነው። አባቷ ውለታዋን አስቦ ነው ያወጣላት» አለች። «ክርስትና ስሟ ወለተማርያም ነው። በሱ ጻፊልኝ የኔ እመቤት።»

ሙኒያ ጻፈች።

«የቷ ጋ ናት?»

«ተሳስቻለሁ» ማለት አንድ ቃል ነው። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ግን ጣቷ ተነሣ፤ ወደ ኮረብታው። ሴትየዋ ብቻዋን መውጣት ስላቃታት ደግፋ አወጣቻትና ከአንዲት አጭር ጉብታ ፊት ቆማ «ይቺ ናት» አለቻት። የማን ልጅ መቃብር እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሴትየዋ አፈሩን በሁለት እጇ ስትደባብስ፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ ስትለቅም ቆየች። ሲነሡ የሙኒያን እጅ ሳብ አድርጋ፣ ያንኑ የጠቆመችበትን እጅ፣ ሳመችው።

«ወልደሽ ሳሚ» አለቻት። «ልጄን ከወገኖቿ ጋር ያሳረፍሽልኝ።»

በማግስቱ ባዶ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሙኒያ «አተኮሰኝ» ብላ ተሳፈረች።

ከዚያ ወዲህ ሙኒያ በጣቷ አትጠቁምም። ደንበኛ «ክሩ የቷ ጋ ነው?» ካላት በአገጯ ነው የምታሳየው። ሰፈሩ ኩራት መስሎት «የጀላል ልጅ ጣቷን ለቀለበት ቆጥባው ነው» እያለ ይቀልድባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ግን በቁስቋም ቁልቁለት እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷን ከኋላ ስታይ እስክትርቅ ቆማ ታያታለች። አንድ ቀን እንዲያውም ጠና ያለች ሴት ተከትላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ወጥታለች። ሴትየዋ ዞር ብላ «ምነው ልጄ፣ የጠፋብሽ ሰው አለ?» ስትላት ፊቱ ሌላ ነበር። ድምፁ ግን ያው ነበር። ወይም ለሙኒያ የሁሉም ሴት ድምፅ አንድ ሆኖባታል።

ሐሙስ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል ቅጹን በፌስታል ጠቅልላ እትዬ የዓለምወርቅ ጋ ሄደች። እትዬ የዓለምወርቅ በረንዳቸው ላይ የልብስ ስፌት መኪናቸውን እየረገጡ የሰው አንሶላ ይዘመዝማሉ። ሙኒያ እሳቸውን የመረጠችው ደግ ስለሆኑ አይደለም። ማዕተብ ስላላቸው ነው። ከአባቷ ይልቅ እሳቸውን ፈራች፣ ስለፈራቻቸውም ሄደች።

«ዶክተር መጣች! ቁስል ያለበት ይደበቅ!» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ።

«ነርስ ነው እትዬ። እሱም ከተገኘ።»

«ይገኛል፣ ምን ይሆናል። አባትሽ ቅጹን ዘይት አጠጥቶታል አሉ። ክር ብታስገቢበት እንደ ፋኖስ ይበራ ነበር።»

ሙኒያ ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣም። ዱካው ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። ሰዓዳ የሚለው ስም ጋ ስትደርስ የመኪናው እግር ዝግ አለ። ኮረብታው ጋ ስትደርስ ቆመ።

«ልጅቷ አንገቷ ላይ ምንም አልነበረባትም?»

«ምንም።»

«በረሃብ ጊዜ ክሩም ይበጠሳል» አሉ። ቆይተው፣ «እናትየዋስ? ዛሬ የት ናት?»

«መጠለያው ተዘግቷል። ግማሹን ሠፈራ ወሰዷቸው አሉ። ወለጋ ይሁን ጋምቤላ፣ የሚያውቅ የለም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም እትዬ። የልጇን ጽፌ የሷን አልጻፍኩም።»

እትዬ የዓለምወርቅ አንሶላውን ከመርፌው አላቀው ጭናቸው ላይ አጠፉት። ሲናገሩ ቀልዳቸው ጠፍቶ ነበር።

«ስለ ልጅቷ አትጨነቂ። ታጥባ፣ ተገንዛ፣ ተጸልዮላት ነው የሄደችው፤ ያን ዓመት ይኼን ያላገኘ ስንት አለ። እግዜር በዋርካና በኮረብታ አይለይም። እሑድ ቁስቋም ስሄድ ስሟን ለቄሱ እሰጣለሁ። ወለተማርያም አልሽ? እሱ ይበቃል፣ ለጸሎት ቦታ አይጠየቅም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እናትየዋ ግን ሌላ ናት። እሷን አታልለሻታል። እሱን እኔ ይቅር ልልሽ አልችልም፤ የኔ አይደለማ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ከኔ ምን ፈለግሽ?»

«ቅጹን ምን ላድርገው? ባዶውን ብተወው አልገባም። ብጽፈው ደግሞ በሷ ለቅሶ ልገባ ነው።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ስለ ቅጽ ምን አውቄ» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ። «ብቻ 'ታምሜ' ብለሽ የጻፍሽ እንደሆነ፣ ያን ኮረብታ ሁለተኛ መጠቆምሽ ነው። ያን ጊዜስ ደንግጠሽ ነው። አሁን በምን ታሳብቢያለሽ?»

ሙኒያ አለቀሰች። እትዬ የዓለምወርቅ አላባበሏትም፤ አንሶላውን መልሰው መርፌው ሥር አስገቡ። መኪናው እየተንኳኳ ቆየ። በመጨረሻ፣ «በይ ጨርቄ ላይ አታልቅሺ፣ የሰው ነው» አሏት።

አርብ ጧት ሙኒያ ማሠልጠኛው ግቢ ተሰለፈች። ቢሮው መስኮት ጋ የቆመው ሰልፍ እስከ በሩ ይደርሳል። ሳጥኖቹን የሞላችው ሰልፉ ላይ ቆማ ነው፤ ከፊቷ ያለችውን ልጅ ጀርባ አስፈቅዳ እንደ ጠረጴዛ ተጠቅማ። ቦታ፦ ወሎ። የሥራው ዓይነት፦ የሞቱ ሰዎችን ስም መመዝገብና መቃብር መለየት። የቆይታ ጊዜ፦ ስምንት ቀን። አራተኛዋ ሳጥን ጠባብ ስለነበረች ፊደሉን አሳነሰችው።

መዝጋቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው። የቀበሌውን ደብዳቤ አዩ፣ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያዩ፣ ገጹን ገለጡ። ከዚያ መነጽሩን አወረዱት። ከንፈራቸውን ያለ ድምፅ እያንቀሳቀሱ አነበቡ፦ «ለአንዲት እናት የልጇ ያልሆነ መቃብር አሳይቼ፣ እንደገና ፊቷን ማየት ስለፈራሁ።»

«ይኼን ያየልሽ ሰው አለ?» አሏት።

«አንዲት ጎረቤቴ ያውቃሉ።»

«እና ዝም አሉሽ?»

«ዝምስ አላሉኝም።»

ሽማግሌው ኋላዋ ያለውን ሰልፍ አዩ። መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው አዲስ ቅጽ አወጡና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡላት። «ስሚኝ ልጄ። እዚያ ጥግ አግዳሚ አለ። ሄደሽ ቁጭ በይና 'ሕመም' ብለሽ ጨርሺው። ሦስት ፊደል ናት። የምመርጠው እኔ አይደለሁም፤ የሚመርጡት ሰዎች ይኼን ቢያነቡ ምን እንደሚሉ አላውቅም።»

ሙኒያ ቅጹን አየችው። ንጹሕ ነው። አራቱም ሳጥኖች ነጭ ናቸው። እጇ ወደሱ ሄዶ ደፉን ነካና ቆመ።

«እኔም ምን እንደሚሉ አላውቅም ጋሼ» አለች። «ያ ይግባልኝ።»

ሽማግሌው ትንሽ ጠበቋት። ሐሳቧን አልቀየረችም። ማኅተሙን አሳረፉበት። የሌሎቹ ቅጾች ከተከመሩበት ላይ ግን አላደረጉትም፤ ለብቻው፣ ከቀለሙ ጠርሙስ ሥር አኖሩት። ለመልካም ይሁን ለክፉ ከፊታቸው ማንበብ አልቻለችም።

ከመስኮቱ ዞር ስትል ኋላዋ የነበረች ልጅ ክንዷን ያዘቻት። ቀጭን ናት፤ ቅጿን ደረቷ ላይ አጣብቃዋለች፤ ሰንጠረዧ ላይ ሦስት ሳጥን ሞልታ አንዷን ባዶ ትታለች።

«እህቴ፣ ይቅርታ... 'ያቋረጡበት ምክንያት' የሚለው ላይ አንቺ ምን አልሽ?»

ሙኒያ ልጅቷን አየቻት፣ ባዶዋን ሳጥንም አየች። ከዚያ ነገረቻት፣ ከሰዓዳ ጀምራ። መዝጋቢው «ባለ ተራ!» እያሉ ሁለት ጊዜ ተጣሩ፤ ልጅቷ ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።